የተሽከርካሪ የውጭ ማስዋቢያና መከላከያ ክፍሎችን ጉዳት ሳያደርሱ ማጽዳትና ማደስ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተሽከርካሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥላ በሌለበት ግቢ ቆመው ይውላሉ። ከጥቂት ዓመታት አገልግሎት በኋላ ጥቁር የነበረው ፓራውልት ወደ ግራጫነት ይለወጣል፣ የስፖኪዮው ሽፋን ይነጣል፣ የበር ጎሚኒ ይደርቃል፣ የሚያብረቀርቀው ጌጥም የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል። በዚህን ጊዜ በየጋራዡና በየላቫጆው የተለመደው መፍትሔ ጨርቅ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ነክሮ መወልወል ነው። የተወለወለው ክፍል ለዚያች ቀን ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ይታያል። ብዙም ሳይቆይ ግን አቧራ ይለጥፋል፣ ጎሚኒው ያብጣል፣ ቅርጹንም ያጣል፤ ክረምት ሲገባ በበሩ በኩል ውኃ ያሳልፋል።

የውጭ ክፍሎች ጉዳት ከውበት ጉድለት በላይ ነው። ፓራውልት፣ ጎሚኒ፣ የመስታወት ጠርዝ መሸፈኛና የጎማ ዙሪያ መከላከያ ፕላስቲክ በአብዛኛው ከውጭ አገር የሚገቡ መለዋወጫዎች ናቸው። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ከተደረገ ወዲህ እነዚህን መለዋወጫዎች ለመግዛት የሚጠየቀው ብር ከፍ ብሏል። በዚያው በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑም በአገልግሎት ላይ ያሉትን ነባር ተሽከርካሪዎች በጥንቃቄ የመያዝን አስፈላጊነት አጉልቶታል። በጥቂት ሳሙናና በትክክለኛ አሠራር የሚጠበቅ ንብረት በተሳሳተ ጽዳት እንዲጠፋ ማድረግ ሊወገድ የሚችል ብክነት ነው።

የውጭ ክፍሎች ከምን እንደሚሠሩ

ከማናቸውም ጽዳት አስቀድሞ የሚጸዳው ክፍል ከምን እንደተሠራ መለየት ያስፈልጋል። ለአንዱ የሚስማማው ማጽጃ ሌላውን ያበላሻል። በአንድ ተሽከርካሪ ላይ በአብዛኛው አራት ዓይነት የውጭ ክፍሎች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ቀለም ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። የመስክ ተሽከርካሪዎች ፓራውልት፣ የጎማ ዙሪያ መከላከያ፣ የበር ጎን መከላከያና የዝናብ መጥረጊያ ሥር ያለው ሽፋን ከዚህ ይመደባሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ፖሊፕሮፒሊን ከተባለው ፕላስቲክ ሲሆን፣ በቀላሉ እንዳይሰበር ጎማ መሰል ንጥረ ነገር፣ እንዲጠነክርም የታልክ ዱቄት ይጨመርበታል። ፖሊፕሮፒሊን ለኢንዱስትሪ እንዲበቃ መሠረት በጣሉት ምርምሮች ካርል ዚግለርና ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1963 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን በጋራ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበችው ሬኖ 5 የፕላስቲክ ፓራውልት ይዘው ከወጡት ቀደምት አውቶሞቢሎች አንዷ ነበረች።

ሁለተኛው የበርና የመስታወት ጎሚኒ ነው። ዘመናዊ ጎሚኒዎች በብዛት የሚሠሩት በምሕጻረ ቃሉ ኢፒዲኤም ተብሎ ከሚጠራው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ይህ ጎማ ፀሐይንና ውኃን በሚገባ ይቋቋማል፤ የነዳጅ ውጤቶችን ግን አይቋቋምም። ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የሞተር ዘይትና ቫዝሊን ሳይቀር ወደ ውስጡ ሰርገው በመግባት ያሳብጡታል፣ ያለሰልሱታል።

ሦስተኛው በተለምዶ ኒኬል እየተባለ የሚጠራው የሚያብረቀርቅ ጌጥ ነው። ጌጡ በመዳብ፣ በኒኬልና በመጨረሻም በክሮም ተደራርቦ የተለበጠ ሲሆን፣ የላይኛው የክሮም ንጣፍ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ከሥሩ ያለው ብረት ወይም ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው።

አራተኛው በመስታወት ዙሪያና በጣሪያ ላይ የሚታየው የአሉሚኒየም ጌጥ ነው። ገጹ በኤሌክትሪክ ኃይል በተፈጠረ ስስ የመከላከያ ንጣፍ የተሸፈነ ሲሆን፣ ይህ ንጣፍ በጠንካራ አሲድም ሆነ እንደ ምድጃ ማጽጃ ባሉ ጠንካራ አልካላይ ኬሚካሎች ይበላል። አንዴ ከተበላ በመወልወል አይመለስም።

የፕላስቲኩን ዓይነት በእርግጠኝነት ለማወቅ ክፍሉ ለጥገና በተፈታበት ወቅት የውስጥ ገጹን መመልከት ይጠቅማል። አይኤስኦ 11469 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የፕላስቲኩ መለያ በላቲን ፊደላት ተቀርጾ ይገኛል።

ጥቁሩ ለምን ግራጫ ይሆናል?

ዋነኛው ምክንያት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨረሩ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሆኖ ፕላስቲኩን የሠሩትን ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይበጣጥሳል። በገጹ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ፣ ከውስጥ የነበረው የታልክ ዱቄትም ወደ ላይ ይወጣል። ብርሃን በእነዚህ ስንጥቆች ላይ ሲያርፍ ስለሚበታተን ጥቁሩ ፕላስቲክ ነጣ ብሎ ይታያል። ፋብሪካዎች ይህን ለማዘግየት ካርቦን ብላክ የተባለውን ጥቁር ዱቄትና ሌሎች ጨረር ተከላካይ ኬሚካሎችን ይጨምራሉ፤ እነርሱም በጊዜ ብዛት ኃይላቸው ይደክማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከባሕር ጠለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ጨረሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ የሚበረታው በዚህ ሳቢያ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ከጨረር አያድንም። እንደ ሰመራና ድሬዳዋ ባሉ ቆላማ ከተሞች ደግሞ ሙቀቱ የእርጅናውን ሂደት ያፋጥነዋል።

ይሁንና ግራጫ ሆኖ የሚታይ ሁሉ በፀሐይ የተጎዳ አይደለም። ከፋብሪካው ሸካራ ተደርጎ በተሠራ ፕላስቲክ ቀዳዳዎች ውስጥ የገባ የቀለም መወልወያ ሰም ደርቆ ነጭ ምልክት ይተዋል። ሁለቱን ለመለየት ቀላል ፍተሻ አለ። በንጹሕ ውኃ ሲረጥብ ወደ ጥቁርነት የሚመለስና ሲደርቅ ዳግም የሚነጣ ገጽ ያረጀ ነው። ነጩ ምልክት በእርሳስ ላጲስ ቀስ ተብሎ ሲፈገፈግ የሚለቅ ከሆነ ግን የሰም ቅሪት ስለሆነ ጽዳት ብቻ ይበቃዋል። ውኃው በእንክብል መልክ የሚንከባለል ከሆነ ደግሞ ቀደም ሲል የተቀባ ዘይት ወይም ሲሊኮን መኖሩን ያመለክታል። ይህ ቅሪት ሳይነሣ ሌላ ነገር ቢቀባበት አይይዝም።

ከሥራው በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ጽዳቱ የሚከናወነው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ተሽከርካሪው በጥላ ሥር በቆመበትና ገጹ በቀዘቀዘበት ሁኔታ ሊሆን ይገባል። በፀሐይ በጋለ ፕላስቲክ ላይ የፈሰሰ ማጽጃ ታጥቦ ሳይነሣ ስለሚደርቅ የማይለቅ ምልክት ይተዋል።

አጣቢው ሠራተኛ ኬሚካል የማያሳልፍ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ሊቀርብለት ይገባል። በተለይ የቸርኬና የአሉሚኒየም ማጽጃ ተብለው ከሚሸጡ ምርቶች አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም እርሱን የሚፈጥሩ ጨዎችን ይይዛሉ። ይህ አሲድ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ዘልቆ የሚገባ ሲሆን ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊጀምር ይችላል። ሕመም ባይሰማም ወዲያውኑ በብዙ ውኃ መታጠብና የምርቱን መያዣ ይዞ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ግድ ይላል። የተሻለው አማራጭ እንዲህ ያለውን ምርት ለመሥሪያ ቤት አለመግዛት ነው።

በረኪናን ከአሲድነት ካለው ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ከአሞኒያ ጋር መቀላቀሉም እንደዚሁ አደገኛ ነው። በመሆኑም ሁለት ማጽጃዎችን በአንድ ባልዲ ማደባለቅ ፈጽሞ መከልከል አለበት። ማጽጃዎች በመጠጥ ውኃ ጠርሙስ ሳይገለበጡ በራሳቸው መያዣና ከነጽሑፋቸው መቀመጥ ይኖርባቸዋል።

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል። በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ ይዞ ተሽከርካሪን መወልወል ከንብረት ጉዳት ባሻገር ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም የቆዳ ካንሰር ሊያስከትሉ የሚችሉ ውህዶችን ስለሚይዝ በእጅ ሊነካና በተሽከርካሪ ላይ ሊቀባ አይገባውም።

መደበኛ እጥበት

የማደስ ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከንጹሕ እጥበት ነው። አቧራ ሳይነሣ የተፈገፈገ ገጽ ይጫጫራል። በመጀመሪያ ተሽከርካሪው ከላይ ወደ ታች በውኃ ብቻ ይለቀለቃል። ቀጥሎ ሁለት ባልዲዎች ይዘጋጃሉ፤ በአንደኛው ለመኪና ተብሎ የተሠራ ለስላሳ ሻምፖ በውኃ ይበጠበጣል፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውኃ ይቀመጣል። ስፖንጁ ወይም ጨርቁ እያንዳንዱ ክፍል ከታሸ በኋላ በንጹሑ ውኃ ታጥቦ ወደ ሳሙናው ይመለሳል። በዚህ አሠራር የተነሣው አሸዋ ተመልሶ ቀለሙን አይጭርም።

የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ለዚህ ሥራ አይመከርም። በአልካላይነቱ ጠንካራ ከመሆኑም በላይ በሚገባ ካልተለቀለቀ በፕላስቲኩ ቀዳዳዎችና በጎሚኒው እጥፋት ውስጥ ነጭ ቅሪት ይተዋል።

በከፍተኛ ግፊት ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ጥቅም ላይ ሲውል ጫፉ ከገጹ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ሊርቅ ይገባል። ውኃው በቀጥታ ወደ በር ጎሚኒ፣ ወደ ፓራውልት ላይ የርቀት ጠቋሚዎች፣ ወደ ኋላ ካሜራ ወይም የተላቀቀ ጠርዝ ወዳለው ጌጥ መተኮስ የለበትም። በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የኃይል መሙያው ክዳን መዘጋቱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ ተሽከርካሪው ኃይል እየሞላ ሳለም አይታጠብም።

ጥልቅ ጽዳት

በእጥበት ያልለቀቀ ቅባት፣ የአስፋልት ጥላሸትና የቆየ ቅብ ሁለገብ በሆነ ፈሳሽ ማጽጃ ይነሣል። ማጽጃው በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን በውኃ መቅጠን አለበት፤ ለፕላስቲክ ብዙዎቹ አንድ እጅ ማጽጃ በ10 እጅ ውኃ እንዲቀጥኑ ይመከራል። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. ማጽጃው በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በፓራውልቱ የታችኛው ጠርዝ ላይ ይሞከራል። ገጹ ቢለሰልስ፣ ቢነጣ ወይም ቀለሙ በጨርቁ ላይ ቢወጣ ያ ማጽጃ ለዚያ ክፍል አይሆንም።

2. ከፕላስቲኩ አጠገብ ያለው ቀለም የተቀባ አካል በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል።

3. ማጽጃው በገጹ ላይ ሳይሆን በለስላሳ ብሩሽ ላይ ተደርጎ በክፍሉ ላይ በቀስታ ይታሻል። በአንድ ጊዜ ሊሠራ የሚገባው ከግማሽ ሜትር ያልበለጠ ርዝመት ነው።

4. ከመድረቁ በፊት በብዙ ውኃ ይለቀለቃል። የሚወርደው ውኃ ቆሻሻ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ ሥራው ይደገማል።

5. በንጹሕ ጨርቅ ከተወለወለ በኋላ በተለይ ሸካራው ገጽ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል።

6. ቅብ የሚከተል ከሆነ እኩል ውኃ በተቀላቀለበት አልኮል በረጠበ ጨርቅ ገጹ አንድ ጊዜ ይጠረጋል። ይህም የቀረውን ስስ ቅባት ያነሣል።

የብረት ሽቦ፣ የብርጭቆ ወረቀትና ጠንካራ ብሩሽ ለጥቁሩ ፕላስቲክ አይሆኑም። ሸካራው ገጽ ከፋብሪካ በቅርጽ ማውጫ የታተመ በመሆኑ አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይገኝም። ቲነርና አሴቶንም ፕላስቲክን ሊያለሰልሱ ስለሚችሉ መወገድ አለባቸው። እነዚህ ፈሳሾች ፖሊካርቦኔት በተባለው ፕላስቲክ በተሠሩ የፊት መብራቶች ላይ ቢንጠባጠቡ መብራቱን ሊሰነጥቁት ይችላሉ።

የነጣውን ፕላስቲክ ማደስ

ያረጀ ፕላስቲክን ለማደስ ሦስት መንገዶች አሉ። የሚለያዩትም በዋጋ፣ በሚጠይቁት ሙያና በሚቆዩበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው በቅባት መልክ የሚቀባ መወልወያ ነው። ጥቃቅን ስንጥቆቹን በመሙላት ጥቁርነቱን ይመልሳል፤ ሆኖም በዝናብና በእጥበት ስለሚለቅ ከጥቂት ሳምንታት አይዘልም። ሲገዛ በውኃ የተሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። በነዳጅ ውጤት የተበጠበጠው ዓይነት ለጊዜው የበለጠ ቢያብረቀርቅም አቧራ ይስባል፣ ጎሚኒንም ይጎዳል።

ሁለተኛው በገጹ ላይ ተጣብቆ የሚደርቅ የማደሻ ቅብ ነው። አንዳንዱ ጥቁር ቀለም ያለው ሲሆን ሌላው ደግሞ ግልጽ የሆነ የፖሊመር ወይም የሴራሚክ ንጣፍ ነው። በሚገባ በጸዳና በደረቀ ገጽ ላይ ከተቀባ ለወራት፣ እንደየዓይነቱም ከዓመት በላይ ይቆያል። ለመሥሪያ ቤት ተሽከርካሪዎች በአብዛኛው የሚመረጠው ይህ ነው፤ ዋጋው ከመወልወያው ቢበልጥም በየሳምንቱ የሚደጋገመውን ሥራና ወጪ ያስቀራል። ቅቡ በጥቂቱ በስፖንጅ ተወስዶ በአንድ አቅጣጫ ይዳረሳል፣ ትርፉ ከመድረቁ በፊት በማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጠረጋል። በመያዣው ላይ ለተጻፈው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ ከዝናብና ከእጥበት መጠበቅ አለበት።

ሦስተኛው ቀለም መቀባት ነው። ፖሊፕሮፒሊን ቀለምን በተፈጥሮው ስለማይዝ በመጀመሪያ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ አጣባቂ ቅብ ይደረግበታል። ይህ ካልተደረገ ቀለሙ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ሥራው የቀለም ባለሙያ፣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታና የትንፋሽ መከላከያ ስለሚጠይቅ በግቢ ውስጥ ሊሞከር አይገባም።

ፕላስቲኩን በሙቀት መሣሪያ እያጋሉ ጥቁርነቱን መመለስም አልፎ አልፎ ይታያል። ሙቀቱ የላይኛውን ገጽ አቅልጦ ለጊዜው ያጠቁረዋል። ነገር ግን ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ሲሆን የመሣሪያው አየር እስከ 500 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ለአፍታ መዘግየት ክፍሉን ያጣምመዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ቀለም ያቃጥላል። ጨረር መከላከያውም ስለማይተካ ገጹ ዳግም ይነጣል።

በየመንደሩ የተለመዱ ሌሎች ዘዴዎችም አሉ። የጫማ ቀለም ሰምና አሟሚ ፈሳሽ ያለበት ሲሆን በዝናብ እየወረደ የተሽከርካሪውን ቀለምና የተሳፋሪውን ልብስ ያበላሻል። የምግብ ዘይት ይሻግታል፣ አቧራም ይሰበስባል። የተልባ ዘይት በገጹ ላይ ደርቆ ቢቆይም የተለየ አደጋ አለው፤ በዘይቱ የረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል ከአየር ጋር በሚያደርገው ውህደት ራሱን በራሱ አግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ተዘርግቶ በውጭ መድረቅ ወይም ውኃ በሞላበት ክዳን ባለው የብረት ዕቃ መቀመጥ አለበት።

የትኛውም ዓይነት ማደሻ በፍሬን ዲስክ፣ በጎማው የመንገድ ንክኪ ገጽ፣ በፔዳል፣ በመሪና በመስታወት ላይ እንዳይደርስ ጥብቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በፍሬን ዲስክ ላይ ያረፈ ሲሊኮን የተሽከርካሪውን የማቆም አቅም ይቀንሳል። በፊት መስታወት ላይ ያረፈው ደግሞ በዝናብ ወቅት የአሽከርካሪውን እይታ ያደበዝዛል።

የጎሚኒ እንክብካቤ

ጎሚኒ በውኃና በለስላሳ ሳሙና ይጸዳል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ቀጥሎም ለጎማ የተዘጋጀ በውኃ የተሠራ መከላከያ ወይም ንጹሕ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ይቀባል። ቅባቱ ጎሚኒው በበሩ ብረት ላይ ተጣብቆ እንዳይቀደድ ያግዛል። ቅባቱ በቀጥታ ከመረጨት ይልቅ በጨርቅ ላይ ተደርጎ ቢቀባ ወደ መስታወትና ወደ ቀለም አይበታተንም።

በበሮች የታችኛው ጠርዝ ላይ ውኃ የሚወርድባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በመስታወት በኩል ወደ በሩ የገባ ዝናብ የሚወጣው በእነዚህ ስለሆነ በጭቃ ወይም በቀለም ከተደፈኑ ውኃው በበሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ውጤቱም የበር ላሜራ ዝገት፣ የመስታወት ማንሻ ሞተር መበላሸትና የወለል ምንጣፍ መሽተት ነው። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ፕላስቲክ እንጨት መሰል ነገር መክፈት ደቂቃዎችን ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው። ግንቦት ከማለቁ በፊት ሊደረግ ይገባል።

የተሰነጠቀ፣ የተቀደደ ወይም ተጨምቆ ያልተመለሰ ጎሚኒ በቅባት አይድንም። መተካት ያስፈልገዋል።

ኒኬልና አሉሚኒየም

የሚያብረቀርቀው ጌጥ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውኃ ይታጠባል፣ የውኃ ነጠብጣብ እንዳይቀርበትም ወዲያው ይደርቃል። ከሥሩ ብረት የሆነ ጌጥ ትናንሽ የዝገት ነጥቦች ቢያወጣ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል በውኃ ረጥቦ በቀስታ ቢታሽበት ያነሣቸዋል። አሉሚኒየም ከክሮም ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ እንደ ብረት ሽቦ አይፍቅም። ይሁን እንጂ ንጣፉ ከተነሣ ወይም ካበጠ ማሸት ጉዳቱን ከማስፋት በቀር ጥቅም የለውም። ከሥሩ ፕላስቲክ የሆነው ጌጥ አይዝግም፤ ስለዚህ ማናቸውም የሚፍቅ ነገር ሊነካው አይገባም።

የአሉሚኒየም ጌጥ የሚጸዳው በለስላሳ ሳሙና ብቻ ነው። ለቸርኬ የተገዛን ማጽጃ ወደ መስታወት ጠርዝ ጌጥ ማሻገር የተለመደ ስሕተት ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ የማይመለስ ነጭ ዳመና ይተዋል።

የፍሳሹ ጉዳይ

ከእጥበት የሚወጣው ውኃ የሚሄድበት ሥፍራም ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ወደ ጎርፍ መውረጃ የተደፋ ናፍጣና ዘይት ወደ ወንዞች ገብቶ በአቃቂ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከወንዙ በታች በዚህ ውኃ አትክልት የሚያለሙና ከብት የሚያጠጡ ወገኖች አሉ። ስለዚህ እጥበቱ ዘይት መለያ ጉድጓድ ባለው ሥፍራ ቢከናወን ይመረጣል፤ የተረፈ ኬሚካልም ወደ መውረጃ መደፋት የለበትም።

ለተሽከርካሪ ስምሪትና ለንብረት አስተዳደር የሥራ ክፍሎች

ከላይ የተዘረዘረው አሠራር ውጤት የሚያመጣው በመሥሪያ ቤቱ መደበኛ ሥራ ውስጥ ሲካተት ነው። ለዚህም የሚከተሉት ነጥቦች ሊታዩ ይገባል።

በዓመት ሁለት ጊዜ የውጭ ክፍሎች ሙሉ ምርመራ ይደረጋል። የመጀመሪያው በግንቦት ወር ከክረምት መግቢያ በፊት ሲሆን ትኩረቱ ጎሚኒና የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ናቸው። ሁለተኛው በጥቅምት ወር ዝናቡ ካበቃ በኋላ ሲሆን ጭቃው ተነሥቶ ለበጋው ፀሐይ መከላከያ ቅብ ይቀባል።

ከላቫጆ ጋር በሚገባ ውል ላይ በናፍጣ፣ በነጭ ጋዝ፣ በቤንዚንና በተቃጠለ ዘይት መወልወል የተከለከለ መሆኑ በግልጽ ይጻፋል። አሽከርካሪውም ተሽከርካሪውን ሲረከብ የነዳጅ ሽታ ወይም ቅባታማ ገጽ መኖሩን አረጋግጦ ይመዘግባል።

ማጽጃ ሲገዛ የሚጸዳው ክፍል ዓይነት፣ የማቅጠኛው መጠንና የደኅንነት መረጃው በመያዣው ላይ መኖሩ መስፈርት ይሆናል። ይዘቱ ያልተጻፈበት፣ በሌላ ጠርሙስ የተገለበጠ ፈሳሽ በዋጋው ርካሽነት ብቻ ሊገዛ አይገባም።

ክፍሉ ይታደስ ወይስ ይተካ የሚለው ውሳኔ በገጹ መልክ ብቻ አይወሰንም። ቀለሙ ቢነጣም መያዣዎቹ ጠንካራ የሆኑ ፓራውልት ሊታደስ ይችላል። መልኩ ጥሩ ሆኖ መያዣው የተሰበረ ወይም በእጅ ሲጫኑት የሚሰነጠቅ ፓራውልት ግን በጉዞ ላይ ተላቆ አደጋ ሊያደርስ ስለሚችል ሊጠገን ወይም ሊተካ ይገባል።

በተቻለ መጠን ተሽከርካሪዎች በጥላ ሥር እንዲቆሙ ማድረግ ከማናቸውም ቅብ የሚበልጥ ጥበቃ ነው። መጠለያ በሌለበት ግቢ የተሽከርካሪውን አቋቋም አቅጣጫ በየጊዜው መቀያየር አንዱ ጎን ብቻውን በፀሐይ እንዳይጎዳ ይረዳል።

ተሽከርካሪ ከላቫጆ ሲወጣ የሚያሳየው ብልጭታ የጽዳቱን ጥራት አያረጋግጥም። በትክክል የጸዳ ጥቁር ፕላስቲክ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁን አያቆሽሽም፣ ሲዳሰስም ቅባት አይኖረውም። የሥምሪት ኃላፊው ተሽከርካሪውን በሚረከብበት ጊዜ ይህን በአንድ ነጭ ጨርቅ ሊያረጋግጥ ይችላል።